የብሎካችን ግድግዳ በማስታወቂያ ተወረረ፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

የብሎክ ዘጠኝ እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ ነው። የነዋሪዎች ማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥም አለሁበት። ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው።

ከፋሲካ በፊት ገንዘብ አዋጥተን መግቢያውንና ደረጃውን አስቀባን። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ማስታወቂያው ተመልሶ መጣ። «ዲሽ እንሠራለን»፣ «የቤት ሠራተኛ እናቀርባለን»፣ «ኪንታሮት ያለ ኦፕሬሽን»፣ «ቤት ለቤት እናስጠናለን»፣ «ኮንዶሚኒየም ይሸጣል»። አንዱ በሌላው ላይ ይለጥፋል። የፍሳሽ መኪና ያላቸው ደግሞ ወረቀትም አያስፈልጋቸው። ስልካቸውን በቀይ ስፕሬይ ግድግዳው ላይ ጽፈው ይሄዳሉ። የቆጣሪ ሳጥኖቻችንን ብታዩ ታዝናላችሁ። በሮቹ ላይ ወረቀት ከመደራረቡ የተነሳ የቤት ቁጥሩ አይታይም። ባለፈው መብራት የጠፋበት አንድ ጎረቤታችን የራሱን ቆጣሪ ለማግኘት በእጅ ባትሪ እያበራ ወረቀቱን በቢላ ሲፍቅ አገኘሁት።

የልጆች ጽሑፍም አለ። ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ስም፣ ልብ፣ የኳስ ቡድን ሞልቶበታል። ሰሞኑን ግን ሰውን በብሔሩ የሚሰድብ ነገር ተጽፎ አየን። ያየው ሁሉ አዝኗል። አንዲት ጎረቤታችን ልጆቿን በሌላው ደረጃ ነው የምታወርደው።

ኮሚቴው በሐሳብ ተከፋፍሏል። ግማሹ ጥበቃው ለጣፊዎቹን ይዞ ለፖሊስ ያስረክብ ይላል። ግማሹ ተዉአቸው፣ የድሃ እንጀራ ነው ይላል። ለእኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ሞክሮ የተሳካለት ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።

ቀለም ቀቢው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ሥራዬ ቀለም መቀባት ስለሆነ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሕጉን ሌሎች ይጨምሩበት።

ወረቀቱን በደረቁ አትቅደዱት። በደረቁ ሲቀደድ ግማሹ ይቀራል፤ የወጣውም ቀለሙን ይዞ ይወጣል። አብዛኛው ለጣፊ የሚጠቀመው በውሃ የተቀቀለ የዱቄት ሙጫ ነው። ይሄ በውሃ ይለቃል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና በስፖንጅ ደህና አድርጋችሁ አርሱት። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ውሃ አያስገባም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በስፓቱላ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ። እንደገና አርሱት። ከዚያ ስፓቱላውን አጋድማችሁ ከላይ ወደ ታች ስትገፉት እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሲያልቅ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ እጠቡ። የቀረ ሙጫ አቧራ ይይዝና አራት ማዕዘን ጥቁር ምልክት ይተዋል። ያንን ምልክት የሚያይ ለጣፊ እዚህ ይለጠፋል ማለት ነው ብሎ ነው የሚያልፈው።

በነጭ ኮላ የተለጠፈ ከሆነ ይከብዳል። በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ማርጠብና መታገሥ ነው። ስቲከር ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፤ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። የሚቀረውን ማጣበቂያ የምግብ ዘይት ያላቅቀዋል፤ ከዚያ በሳሙና ማጠብ ነው።

ስፕሬይ ሌላ ጉዳይ ነው። ዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ ቶሎ ከተደረሰበት፣ በጨርቅ ላይ ትንሽ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) አድርጎ በማሸት ብዙው ይለቃል። አየር በሚገባበት ቦታ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት። በውሃ ቀለም ወይም በኳርትዝ (ሸካራው የግድግዳ ቀለም) ላይ ከሆነ ግን አትልፉ፤ አይለቅም። መደረብ ነው። ሲደረብም በቀጥታ ነጭ ብትቀቡበት ቀዩ ከሥር እየወጣ ሮዝ ያደርግባችኋል። መጀመሪያ መያዣ የሚሆን የመሠረት ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ ነው ዋናው የሚደረበው። ደግሞ ጽሑፉን ብቻ አትሸፍኑ። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ግድግዳውን በሙሉ ቅቡት። ቁርጥራጭ መጣፊያ የሚመስል ቀለም ጽሑፉ ከነበረበት በላይ ያስጠላል።

ለወደፊቱ ደግሞ ከወለል እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ዘይት ቀለም አስቀቡ። ይታጠባል። ከቀለሙም ጥቂት አስተርፋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ የቀለሙን ቁጥር ጽፋችሁበት ጥበቃ ቤት አስቀምጡ። ያለዚያ በየጊዜው ሌላ ዓይነት ክሬም እየተገዛ ግድግዳው ዝንጉርጉር ይሆናል።

ጥርብ ድንጋይ ካላችሁ የሽቦ ብሩሽና አሲድ አታስነኩት። የተጎዳ ድንጋይ አይመለስም።

አራት ኪሎ ተመራቂ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ለጣፊዎቹን ልጆች ማስያዝ የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ተማሪ እያለሁ ለኪሴ ብዬ ማስታወቂያ እለጥፍ ነበርና ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ።

ለጣፊው የሚከፈለው በመቶ ወረቀት ሒሳብ ነው። ሲመሽ ጥቅል ወረቀት፣ የቀለም ባልዲና ብሩሽ ይሰጡታል። ሙጫውን ራሱ ያበስላል። የለጠፈበትን ፎቶ እያነሳ ለአሠሪው ይልካል፤ ፎቶ ከሌለ ገንዘብ የለም። ለዚህ ነው ንጹሕ ግድግዳና መግቢያ በር የሚመርጠው፤ ፎቶው ላይ ደምቆ ይታያል። አንዱን ይዛችሁ ፖሊስ ጋር ብትወስዱት አሠሪው በማግስቱ ሌላ ልጅ ይልካል። ያኛው ልጅ ግን የቀኑን እራት አጥቶ ያድራል።

ወረቀቱ ላይ ስልክ አለ አይደል? ባለጉዳዩ እሱ ነው። ከማስታወቂያው የሚጠቀመው እሱ፣ ለጥፋቱ የሚጠየቀው ግን ልጁ፤ ይሄ አይሆንም። ሌላው ነገር፣ ቦታ የምንመርጠው ወረቀቱ ስንት ቀን ይቆያል ብለን ነበር። በማግስቱ ጠዋት የሚነሳበት ሕንፃ ላይ ማንም ወረቀቱን አያባክንም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሳ ያ ሕንፃ ከመንገዳችን ይወጣል።

የሕግ ሰው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ነው። ሕጉም ከእሱ ጋር ነው።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 «የውጭ ማስታወቂያ» የሚለው ቢልቦርድ ብቻ አይደለም። ፖስተር፣ ስቲከር፣ በራሪ ወረቀት፣ በሕንፃ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ይገባበታል። ስለዚህ የቆጣሪ ሳጥን ላይ ያለችው ትንሽ ወረቀትም በሕግ ዓይን ማስታወቂያ ናት፤ ያስነገራት ሰውም አለ።

ሁለተኛው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ የውጭ ግድግዳው የጋራ ናቸው። የሚያስተዳድራቸውም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ብዙ ኮሚቴዎች «ምን ሥልጣን አለን?» ብለው እጃቸውን ያጣጥፋሉ። ሥልጣኑ የእናንተ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አሳልፉ፤ የት ይለጠፋል፣ የት አይለጠፍም፣ ማን ያነሳል። ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቃለ ጉባኤ ያለው ማኅበር ደንብ አስከባሪ ጋር ሲሄድ የሚሰማው ያገኛል።

አካሄዱን ልጠቁም። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑና ስልኩ ይታይ። ከዚያ በጨዋ ደንብ ደውሉ። «ማስታወቂያዎን የግል ይዞታችን ላይ አግኝተነዋል፤ እስከ ዓርብ አንሱልን፤ ከደገማችሁ ከነፎቶው ለደንብ ማስከበር እናቀርባለን።» ብዙው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የማያቆመውን ፎቶዎቹን ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዛችሁ በደብዳቤ አመልክቱ። ደብዳቤው ላይ የተቀባይ ማኅተም ማስመታት አትርሱ።

የብሎክ ዘጠኝ እናት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አምስት ቁጥሮች ላይ ደወልኩ። ሁለቱ ይቅርታ ጠየቁ። አንዱ «ወረቀቴን ማን ቀደደው?» ብሎ ጮኸብኝ። የቀሩት ሁለቱ ግን «እናቴ፣ የት ልለጥፍ ታዲያ?» አሉኝ። ለዚህኛው መልስ አጣሁ።

ደላላው ከሃያ ሁለት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡45

ለጥያቄው እኔ ልመልስ። ቤትና ሠራተኛ አገናኛለሁ፤ ፈቃድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ።

ሁሉም ሰው ቴሌግራም ላይ አስነግር ይለኛል። አስነግራለሁ። ግን የሚከራይ ክፍል የምትፈልግ የቀን ሠራተኛ ቴሌግራም የላትም፤ ቢኖራትም ካርድ የላትም። አንዲት ክፍል የሚያከራዩ ባልቴትም እንደዚያው። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት በእግራቸው ሲያልፉ ነው። ሰሌዳ ብታቆሙልኝ፣ በወር ይህን ያህል ክፈል ብትሉኝ፣ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። ለለጣፊ የማወጣው ገንዘብ አለ አይደል? ቁጭ ብሎ የሚነበብ አንድ ወረቀት በየምሰሶው ከተለጠፈ መቶ ወረቀት ይበልጥብኛል። አራት ኪሎ ሥራ ፈላጊው ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚያነበው ለምንድን ነው? እዚያ እንደሚገኝ ስለሚያውቅ ነው።

የሚሰድበኝ አይጠፋም። ግን የሰው ግድግዳ የማበላሸት ፍላጎት የለኝም፤ ሥራዬ እንዲታወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

በርሊን ነዋሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ደላላው ወንድማችን ያነሳው ነገር እዚህ በርሊን ውስጥ ከመቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት የተነሳ ነው። ያኔ ከተማው ውስጥ ማስታወቂያ አጥርና ዛፍ ሳይቀር ይለጠፍ ነበር። ኤርንስት ሊትፋስ የሚባል አሳታሚ ለከተማው ፖሊስ ሐሳብ አቀረበ። በገንዘቤ ክብ ዓምዶች ላቁም፤ ማስታወቂያ እዚያ ላይ ብቻ ይለጠፍ፤ የማስለጠፍ መብቱ የእኔ ይሁን አለ። በ1854 እ.ኤ.አ. ፈቃድ አገኘ፤ በ1855 የመጀመሪያዎቹ ዓምዶች ቆሙ። ዓምዶቹ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። በየመንገዱ አልፋቸዋለሁ፤ የቲያትርና የኮንሰርት ማስታወቂያ አለባቸው።

ልብ በሉ፣ ክልከላውና ቦታው አብረው ነው የመጡት። ክልክል ነው ብቻ ቢባል ሰው በሌሊት ይለጥፋል። ሰሌዳ ብቻ ቢቆም ደግሞ ሰሌዳውም ግድግዳውም ይሞላል።

ንጹሕ ከተማ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

እኔ አልስማማም። ኮሪደር ልማት የተሠራባቸውን መንገዶች እዩ። ማን ደፍሮ ይለጥፋል? ቅጣት ስላለ ነው። ሰውን በልመናና በሰሌዳ ማስተካከል አይቻልም። አንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ቅጣት የቀመሰ አይደግመውም።

አራት ኪሎ ተመራቂ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ወንድሜ፣ እነዚያ መንገዶች ላይ ቀን ከሌሊት ሰው አለ። የሚያጸዳ አለ፣ የሚጠብቅ አለ፣ መብራት አለ። ወረቀቱ ቢለጠፍ እንኳ ጠዋት አይገኝም። ቅጣቱ ብቻውን አይደለም የሠራው። ከዋናው አስፋልት ሁለት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ግባና ምሰሶዎቹን ተመልከት። ወረቀቱ ወደ እኛ ሰፈር ነው የዞረው።

ምሰሶ ካነሳሁ አይቀር፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ በሚስማር የሚመቱትን ለብቻ ተከታተሏቸው። የመብራት ሠራተኛ እዚያ ላይ ይወጣል። ሚስማሩ እጁንና ልብሱን ይይዘዋል። ዛፍም እንደዚያው ይቆስላል።

ሥነ ልቦና አንባቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ቶሎ ማንሳት ለምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ጥናት ላካፍላችሁ። ኔዘርላንድስ፣ ግሮኒንገን ከተማ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሰዎች ብስክሌት የሚያቆሙበት አንድ መተላለፊያ አለ። ግድግዳው ላይ ግራፊቲ (የግድግዳ ላይ ጽሑፍና ሥዕል) ክልክል ነው የሚል ምልክት ተደረገ። ከዚያ በየብስክሌቱ መሪ ላይ አንዳንድ በራሪ ወረቀት ታሰረ። በአካባቢው ቆሻሻ መጣያ የለም። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን መሬት የጣሉት 33 በመቶ ነበሩ። ያው ግድግዳ ሲሞነጫጨር 69 በመቶ ሆኑ። ቦታው አንድ፣ ሰዓቱ ተመሳሳይ፣ የተለየው ግድግዳው ብቻ ነው።

የኒውዮርክ ባቡሮችም በዚህ መንገድ ነው የጸዱት። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጊዜ የጸዳ ፉርጎ ከተጻፈበት እስኪጸዳ ድረስ ተሳፋሪ አይጭንም ተባለ። የሚጽፉት ልጆች ደስታቸው ሥራቸው ከተማውን ሲዞር ማየት ነበር። ያንን አጡ። በግንቦት 1989 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው የተጻፈበት ባቡር ከሥራ ወጣ። አምስት ዓመት ፈጅቷል፤ ማኅበራችሁ በአንድ ወር ካልሆነ ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው የምናገረው።

ከሪያድ የተመለሰች | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ብቻ ነው። «ወደ ውጭ ሀገር ሥራ እንልካለን፤ ፕሮሰሱ ፈጣን ነው» የሚለው።

እኔን ያወጣኝ ምሰሶ ላይ ያየሁት ስልክ ነው። ቢሮ አልነበረውም። ካፌ ነው ያገኘኝ። ፓስፖርቴን ተቀበለ፣ የእናቴን ገንዘብ ተቀበለ። ሪያድ ስደርስ የሚቀበለኝ ሰው የተባልኩት ሰው አልነበረም፤ ሥራውም የተባልኩት አይደለም። ስልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግ ነው።

እባካችሁ፣ ይህንን ወረቀት ስታዩ ቀዳችሁ ብቻ አትጣሉት። ፎቶ አንሱና ለፖሊስም ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮም አድርሱ። በሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት፣ ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ቢሮ አለው፣ የድርጅት ስም አለው፤ ስሙን ደብቆ ስልክ ብቻ አይለጥፍም። ሰሌዳ ካቆማችሁም እነዚህን አታስገቡ። የብሎካችሁ መግቢያ ላይ የተለጠፈ ነገር ለአንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የታመነ ይመስላታል። መስሎኝ ነበርና አውቀዋለሁ።

የብሎክ ዘጠኝ እናት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

እህቴ፣ አይዞሽ። እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ። ይህንን ለኮሚቴው ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ።

የቀድሞ ፕሮክተር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ስለ ስድቡ ጽሑፍ ማንም ስላላነሳ እኔ ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎች መኝታ ፕሮክተር ነበርኩ። የመጸዳጃ ቤት በሮች ላይ የሚጻፈውን አይቻለሁ። አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው ከሥሩ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ይጨምርበታል። ሦስት ቀን ከቆየ በሩ ላይ ያለው ጠብ ወደ ዶርም ይገባል። ዶርም ከገባ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም በዜና ሰምታችኋል።

እኛ ጋ የሠራው አካሄድ ቀላል ነበር። ተረኛው ከቁርስ በፊት ሁሉንም በር ያያል። የስድብ ጽሑፍ ካለ ፎቶ ያነሳል፣ ቀንና ቦታ ይመዘግባል፣ ያኔውኑ ይቀባዋል። ፎቶው ለሚመለከተው ክፍል ብቻ ይሄዳል። በምንም ተአምር ግሩፕ ላይ አይለጠፍም! ብዙ ሰው ተቆጥቶ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ያወጣል። አንድ ሰው የጻፈውን ለሺህ ሰው ያሳያል ማለት ነው። የጻፈውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩን እወቁ። ጽሑፉ ከተደጋገመ ወይም ዛቻ ካለበት ለፖሊስ አሳውቁ። ሌላውን ማለትም ስሙን፣ ልቡን፣ የኳስ ቡድኑን ከዚህ ጋር አትደባልቁት። ለዚያ ጊዜ አለ፤ ለዚህኛው አንድ ቀን እንኳ የለም።

እና ያቺን ልጆቿን በሌላ ደረጃ የምታወርደውን ጎረቤት ሄዳችሁ አነጋግሯት። ግድግዳው ሲቀባም አብራችሁ ሁኑ፤ ጎረቤቱ ከእሷ ጋር መቆሙን በዓይኗ ትየው።

ጋሽ ካዛንቺስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። የግድግዳ ጽሑፍ ሲነሳ እኔ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። በ1969 ልጅ ነበርኩ። ሌሊት መፈክር ይጻፋል፣ ወረቀት ይበተናል። ጠዋት ላይ አጥራችን ላይ ጽሑፍ ካለ እናቴ ሳይነጋ ውሃና ጭራሮ መጥረጊያ ይዛ ትወጣ ነበር። አጥሩ የማን ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበርና። ቤቱ ውስጥ ወጣት ካለ ደግሞ የከፋ ነው። ወረቀት እጁ ላይ ተገኘ ተብሎ ያልተመለሰ የሰፈራችን ልጅ አለ።

ለዚህ ነው ልጅ ግድግዳ ላይ ጻፈ ብሎ ፖሊስ መጥራት የሚያስፈራኝ። ደረጃ ላይ ስሟን የጻፈችውን ልጅ ጥሯት። ስፖንጅና ባልዲ ስጧት፤ ከእናቷ ጋር ሆና ታጥበው። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ብሩሽ ስጧትና አንድ ግድግዳ ላይ ትሣል። የሰፈር ልጅ የሠራውን የሰፈር ልጅ አያበላሽም። እኛ ሰፈር የኳስ ሜዳው አጥር ላይ ልጆቹ የተጫዋቾችን ምስል ሣሉ። እስከ ዛሬ አንድ ወረቀት አልተለጠፈበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡20

ጋሼ ያሉት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የከተማው ሥራ ሆኗል። ሙራልስ ዲሲ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ የሚሞነጫጨሩ ግድግዳዎችን እየመረጠ ለሠዓሊዎች ይሰጣል። ፕሮግራሙን ከጥበብ መሥሪያ ቤቱ ጋር የጀመረው የከተማው ጽዳት መሥሪያ ቤት መሆኑ ደስ ይለኛል። ግራፊቲ ያየ ሰው 311 ደውሎ ያስመዘግባል፤ የግል ግድግዳም ቢሆን ባለቤቱ ፈቃዱን ከፈረመ ከተማው ያጸዳለታል።

የወረቀት ማስታወቂያውም ሥርዓት አለው። የመብራት ምሰሶ ላይ መለጠፍ አይከለከልም። ግን የተለጠፈበት ቀን ይጻፍበታል። በአንድ ብሎክ፣ ማለትም ከአንዱ መስቀለኛ መንገድ እስከ ሌላው ባለው፣ በመንገዱ አንድ ወገን፣ ያው ማስታወቂያ ከ3 በላይ አይለጠፍም። የዝግጅት ከሆነ ዝግጅቱ ካለፈ በ30 ቀን ውስጥ መነሳት አለበት። ዛፍ ላይ ፈጽሞ አይቻልም። የሐበሻ ኮንሰርትና የአዲስ ዓመት ዝግጅት የምናስነግር ሰዎች ይህንን እናውቀዋለን። ሁለቱን ለእናንተ ሰሌዳ ውሰዱ፤ ቀን መጻፉንና ገደቡን። ቀን የሌለው ወረቀት ሰሌዳ ላይ ለዓመት ይቀመጣል፤ ያረጀ ሰሌዳ ደግሞ ማንም አያነበውም።

የብሎክ ዘጠኝ እናት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ትናንት ማታ ስብሰባ አድርገን ነበር። ያላችሁትን ሁሉ ይዤ ገባሁ። የወሰንነውን ላሳውቃችሁ።

የስድቡ ጽሑፍ ስብሰባው ሳይጀመር ተቀብቷል። አሥራ ምናምን ሰው ወጥቶ አብሮ ቆመ። ጎረቤታችን ቡና አፍልታ አወረደችልን። ብዙም አልተናገረችም።

በዋናው መግቢያ አንድ ሰሌዳ ይቆማል። ነዋሪ በነፃ ይለጥፋል፤ ነጋዴና ደላላ በወር ትንሽ ይከፍላል። ገንዘቡ ለቀለምና ለስፓቱላ ይውላል። ወረቀቱ ሁሉ ቀን ይኖረዋል፤ ወር ሲሞላው ይነሳል። የእድርና የለቅሶ መልእክት የራሱ ቦታ አለው፣ ማንም አይሸፍነውም። ውጭ ሀገር እንልካለን የሚል፣ በሽታ እናድናለን የሚል አይገባም። ከሰሌዳው ውጭ የተለጠፈውን ጥበቃችን ጠዋት ጠዋት ያነሳል፤ ለዚህ ደሞዙ ላይ ተጨምሮለታል። ያለ ጭማሪ አድርግ ማለት ነውር ነው ብለን ተስማማን። ሁለት ወጣቶች ስልኮቹን እየደወሉ ያስጠነቅቃሉ፤ የሚደግም ካለ በደብዳቤ ይሄዳል። ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ግድግዳ ለልጆቹ ሰጥተናል። የሥነ ጥበብ ተማሪ የሆነ የብሎክ አሥራ አንድ ልጅ ያግዛቸዋል።

የሚቀረው ሰሌዳው ከምን ይሠራ የሚለው ነው። አንዱ ችፑድ ይላል፣ አንዱ ብረት ይላል። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።

ቀለም ቀቢው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡35

ችፑድ አታስገቡ። የመጀመሪያው ዝናብ ያሳብጠዋል። ላሜራ አሠሩ፤ ዝገት መከላከያ ይቀባ፣ ላዩ ላይ ዘይት ቀለም። ወረቀቱ በማግኔት ይያዛል፤ ሙጫም ሚስማርም አያስፈልግም፣ ሲነሳም ምልክት የለውም። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ወጣ ያለ የቆርቆሮ ክዳን ይኑረው። ፊቱን ወደ ግቢው ሳይሆን ሰው ወደሚመጣበት አዙሩት፤ መብራት ካለበት አጠገብ ቢሆን ማታም ይነበባል።

ደላላው ከሃያ ሁለት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

ክፍያውን ስትወስኑ ለትንንሾቹም አስቡላቸው እናቴ። ልብስ አጣቢዋና አስጠኚው ተማሪ እንደ እኔ መክፈል አይችሉም። የእኔን ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ የእነሱን ተዉላቸው። እና ቁልፉ ወይም ኃላፊነቱ ማን ዘንድ እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ወረቀቴን ማን ዘንድ እንደማመጣ ካላወቅሁ ለጣፊው ልጅ በሌሊት ይዞት ይመጣል።

የብሎክ ዘጠኝ እናት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05

ትክክል ነው፣ አስመዘግበዋለሁ። ወረቀት የሚቀበለው የማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ቢሮው ክፍት ነው። ላሜራውን ነገ በያጅ አስለካለሁ።